ሦስት ጊዜ የተቆጠረው ዳክዬ

የካቲት ሊያልቅ ሲል ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚወርዱት ትንንሽ ጅረቶች አብዛኞቹ መፍሰሳቸውን አቁመው ኩሬ ኩሬ ሆነው ይቀራሉ። ከአቃቂ ወዲያ ያለው መረሬ መሬት ተሰነጣጥቋል፤ ጤፉም ሽንብራውም ተነስቷል። የተረፈችውን ውሃ ደግሞ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች በሞተር ፓምፕ ስለሚስቧት በየቀኑ ትጎድላለች። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡት ዳክዬዎች የሚመለሱትም በዚሁ ሰሞን ነው፤ ገና ያልሄዱት በነዚህ ኩሬዎች ላይ ይሰበሰባሉ። ለወፍ ቆጣሪ ጥሩም መጥፎም ጊዜ ነው። ወንዶቹ የመራቢያ ላባቸውን ለብሰው ስለጨረሱ ዝርያቸውን መለየት ይቀላል። ግን በጋውን ሙሉ እረኛ፣ ውሻና ከብት ሲያባርራቸው ስለከረመ ሰው ገና ከሩቅ ብቅ ሲል ብድግ ይላሉ።

ገጠመኙ የደረሰው ከነዚህ ጅረቶች በአንዱ ላይ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ነው። ቡድኑ አራት ሰው ነበር፤ ሁለት ቆጣሪዎች፣ አንዲት መዝጋቢና አካባቢውን የሚያውቁ አንድ አዛውንት። አዛውንቱን ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል። በወጣትነታቸው ፈቃድ ላላቸው አዳኞች መንገድ ሲመሩ የኖሩ ናቸው። ዛሬ በእጃቸው ከዱላ በቀር ምንም የለም፤ አቀራረቡ ግን ያው ነው። ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ የተከለከለ ስለሆነ፣ ባይኖኩላር ያየ እረኛ ሁሉ «ልትገድሏቸው ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልሱለት እሳቸው ናቸው።

መኪናው የቆመው በምዕራብ በኩል፣ ድልድዩ አጠገብ ነበር። ስለዚህ ጉዞው ከታች ወደ ላይ፣ ወደ ምሥራቅ ሆነ። ማንም ብዙ አላሰበበትም። ነፋሱም ከምሥራቅ ይነፍስ ስለነበር መሪው ቆጣሪ እንዲያውም ደስ አለው። ከዚያ በፊት የሠራው በጫካ ውስጥ ድኩላና ሌሎች ትልልቅ አጥቢዎችን በመቁጠር ነው፤ በዚያ ሥራ ደግሞ ነፋስን በፊት ይዞ መሄድ የመጀመሪያው ሕግ ነው፤ አለበለዚያ እንስሳው አሽትቶ ይጠፋል። ለሌሎቹም ያንኑ አስረዳቸው፤ አክሎም «ስንቆጥር ማንም ቃል እንዳይተነፍስ» አለ።

የመጀመሪያው ኩሬ ላይ መንቁራቸው እንደ አካፋ የሰፋ 19 ዳክዬዎችና ክብደታቸው ግማሽ ኪሎ የማይሞላ 8 ትንንሾች ነበሩ። ቡድኑ 70 ሜትር ያህል ሲቀረው ተነስተው ወደፊት፣ ከጅረቱ መታጠፊያ ጀርባ ተሰወሩ። ሁለተኛው ኩሬ ላይ 21 አካፋ መንቁሮችና 8 ትንንሾች ተመዘገቡ። እነሱም ተነስተው ወደፊት ሄዱ። ሦስተኛው ላይ 24ና 5። ከዚያ በላይ ያሉት ኩሬዎች ባዶ ነበሩ። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስለነበረች ብዙዎቹ በጥቁር ጥላቸው ብቻ ነው የተለዩት። ቅጹ ሲደመር 64 አካፋ መንቁርና 21 ትንንሽ፣ በጠቅላላው 85 ሆነ።

ስህተቱን ያገኘችው መዝጋቢዋ ናት። ገና በመጀመሪያው ኩሬ ላይ አንድ ወንድ ዳክዬ ሲነሳ፣ በግራ ክንፉ መሃል አንድ ረጅም ላባ ወልቆበት አየች። ክንፉን ሲዘረጋ በጎደለው በኩል ሰማዩ እንደ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል። በቅጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ሣለችው። ሦስተኛው ኩሬ ላይ ያው ስንጥቅ በራሷ ላይ አለፈ።

«ጋሼ፣ ያንን ክንፉ የጎደለውን አዩት?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ እኔ ከመጀመሪያው ኩሬ ጀምሬ እያየሁት ነው። እየነዳነው መጣን እንጂ ሌላ አይደለም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ቃል አትተንፍሱ ተባልን አይደል?»

ጋሼ ቁጭ ብለው በዱላቸው አፈሩ ላይ ጅረቱን ሣሉ። ዳክዬን የሚያስነሳው ሽታ አይደለም፤ ዓይኑና ጆሮው ነው። አብዛኛው ወፍ ደግሞ ሲነሳ ፊቱን ወደ ነፋስ ያዞራል፤ ክንፉ ላይ የሚመጣው አየር ቶሎ ከፍ ያደርገዋልና። ነፋሱ ከፊት እየመጣ ከሆነ የሚነሳው ወደፊት ነው፤ ሰውንም የሚሸሸው ወደፊት ነው። ሁለቱ ምክንያቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፉታል። ጅረቱ ጠባብ፣ ዳሩ ሁሉ ደረቅ እርሻ ስለሆነም የሚያርፈው ቀጣዩ ኩሬ ላይ ነው፤ ገና ወዳልተቆጠረው። ለድኩላ ትክክል የነበረው ሕግ እዚህ ወፎቹን ከኩሬ ወደ ኩሬ መንጃ ሆነ።

ሲሰላ ሁለተኛው ኩሬ የጨመረው 2 አካፋ መንቁር፣ ሦስተኛው ደግሞ 3 ብቻ ነው። ትንንሾቹ ምንም አልጨመሩም፤ እንዲያውም ሦስቱ መንገድ ላይ ተገንጥለዋል። እውነተኛው ቁጥር 24ና 8፣ በድምሩ 32 መሆኑ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የውሃ ወፎች በብዙ አገሮች በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጥር ወር የሚቆጠሩት አንዱ ዓመት ከሌላው እንዲነጻጸር ነው፤ እንዲህ ያለው የወቅት ማብቂያ ቆጠራም የሚጠቅመው በዚያው ጥንቃቄ ከተሠራ ብቻ ነው። ኩሬው እየደረቀ ዳክዬው በዛ የሚል ወረቀት፣ የውሃውን መድረቅ ይሸፍናል። ወፎቹን ከማስደንገጥ የባሰው ጉዳት ይሄኛው ነው።

በማግስቱ መኪናው ሰዎቹን ምሥራቅ ጫፍ ላይ አውርዶ ባዶውን ወደ ድልድዩ ዞረ። ከንጋቱ 12:45 ላይ፣ ፀሐዩንም ነፋሱንም ከጀርባ አድርገው ወደ ታች ጀመሩ። ነፋስ ከጀርባ ሲሆን ድምፅ ወደ ወፉ ይሄዳል፤ የዚህ አካሄድ ዋጋው እሱ ነው። ስለዚህ ከኪስ የመጀመሪያው የወጣው ፌስታል ነበር። ቆሎ የያዘ ፌስታል በሚያስገርም ርቀት ይሰማል፤ ቆሎው በጨርቅ ተቋጠረ። ጋሼ ነጭ ጋቢያቸውን መኪና ውስጥ ትተው በቡናማ ኮት መጡ። የእጅ ምልክትም ተስማሙ፤ መዳፍ ወደ መሬት ሲሆን ቁም፣ ጣት በክብ ሲዞር ይህ ወፍ ተቆጥሯል።

ሁለተኛው ቆጣሪ ከሌሎቹ 20 ደቂቃ ቀድሞ፣ ከጅረቱ ርቆ በገለባው ላይ ዞሮ፣ 300 ሜትር ያህል ወደፊት ካለው መታጠፊያ ዘንድ ከዳሩ ጀርባ ተኛ። የሱ ሥራ ከላይ መጥቶ የሚያርፈውን ብቻ በሰዓት መመዝገብ ነው። ይህ ሰው ከሌለ የቀረው ጥንቃቄ ሁሉ ግማሽ ነው። የሁሉም ስልክ ሰዓት ከመለያየታቸው በፊት ተመሳከረ።

ሌሎቹ ከዳሩ 30 ሜትር ርቀው እየሄዱ፣ አስቀድመው ምልክት ያደረጉበት ባሕር ዛፍ ጋ ሲደርሱ ብቻ ጎንበስ ብለው ወደ ውሃው ይጠጋሉ። ጭንቅላት የሚወጣው ከዳሩ በላይ ሳይሆን ከሣር ጎን ነው፤ ከሰማይ ጋር የሚታይ ጭንቅላትን ዳክዬ ወዲያው ያያል። ሦስት ደቂቃ ያለ እንቅስቃሴ። ከዚያ መጀመሪያ ድምሩ፣ ቀጥሎ ዝርያው፣ መጨረሻ ላይ ወንድና ሴቱ ይቆጠራል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠና ወፎቹ በመሃል ከተነሱ፣ ስንት ወንድ እንደነበረ ታውቆ ስንት ወፍ እንደነበረ ሳይታወቅ ይቀራል። እንደዚህ ያለ ጠባብ ኩሬ ላይ በግምት መቁጠር አያስፈልግም፤ አንድ በአንድ ነው። ቅጹ ላይም ሁለት አዲስ ዓምዶች ተሠመሩ፤ «ተነስቶ የሄደበት» እና «ከየት የመጣ»፣ ሁለቱም ከነሰዓታቸው።

አካፋ መንቁሮቹ እንደተባለው ወደ ነፋሱ ተነስተው፣ በገለባው ላይ ሰፊ ዙር ሠርተው ከቡድኑ ኋላ ሄዱ። ሁሉም ዳክዬ እንዲህ አያደርግም። ከምሥራቅ ሲቆጠር አራተኛው ኩሬ ላይ ጀርባቸው ነጭ ነጥብ ያለባቸው፣ እግራቸው ብርቱካናማ የሆነ ሁለት ጥቋቁር ዳክዬዎች ነበሩ። እነዚህ ስደተኛ አይደሉም፤ የኛው የጅረት ነዋሪ ናቸው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው የየራሳቸውን የጅረት ቁራጭ ይጠብቃሉ። ሲነሱ ከፍ አይሉም፤ ውሃውን ሊነኩ ትንሽ እስኪቀራቸው ዝቅ ብለው ጅረቱን ተከትለው ይበራሉ። ነፋሱን ሳይሉ ወደፊት ሄዱ፤ የተኛው ቆጣሪ 1:52 ላይ «2 ጥቁር፣ ከላይ» ብሎ ጻፈ። መዝጋቢዋ ዘንድ 1:51 ላይ «2 ጥቁር፣ ወደ ታች» ተብሏል። ሁለቱ መስመሮች ሲገናኙ አንድ ጥንድ ሆኑ።

3 ሰዓት ሳይሞላ ከብቱ ወረደ፣ የመጀመሪያው ፓምፕም ተነሳ፤ ከዚያ በኋላ የሚቆጠር ቁጥር አይታመንም። ሁሉም ቦቲ ነበራቸው፤ መረሬው ግን በዳሩ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት ይይዛልና ውሃው ውስጥ የገባ የለም። የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ የሚደርስበት ውሃ ስለሆነ እጅ የታጠበው ከጀሪካን ነው።

የመጀመሪያው ቀን ቅጽ አልተቀደደም። 85 በአንድ መስመር ተሠርዞ፣ አጠገቡ 32 ከነምክንያቱ ተጻፈ፤ ከሥሩ የሁለተኛው ቀን 23 አካፋ መንቁር፣ 8 ትንንሽና 2 ጥቁር። ክንፉ የጎደለው ወንድም እዚያው አለ፤ ከምሥራቅ ሦስተኛው ኩሬ ላይ፣ 1:20፣ «ተነስቶ ወደ ምሥራቅ፣ ከኛ ኋላ»።