የእሳት አደጋ ተከላካይ ዓመት ፈቃድ በሰዓት ይቆጠር

ታናሽ ወንድሜ በጣና ዙሪያ ካሉት ከተሞች በአንዱ የእሳት አደጋ ተከላካይ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ፈረቃውን ተረክቦ በማግስቱ 2 ሰዓት እስኪያስረክብ ድረስ ከጣቢያው አይወጣም፤ ከዚያ በኋላ 48 ሰዓት ያርፋል። ባለፈው ወር በእረፍቱ ቀን እኔ ወደምኖርበት ወደ ባሕር ዳር መጥቶ በሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ «እታለም፣ ያንቺ ሥራ ይኸው ስለሆነ እስቲ ተመልከችልኝ» አለኝ። ወረቀቱ የዓመት ፈቃዱ መከታተያ ቅጂ ነበር። በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ብዙ ዓመት ብቆይም፣ የፈረቃ ሠራተኛ ፈቃድ እንዴት እንደሚቆረጥ አስቤበት እንደማላውቅ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 20 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጥና በየዓመቱ አንድ ቀን እየጨመረ እስከ 30 ያደርሰው ነበር፤ መደበኛው የሥራ ሰዓትም በሳምንት ከ39 እንዳይበልጥ ይደነግግ ነበር። ክልሎች የየራሳቸው አዋጅ አላቸው። ይሁን እንጂ «የሥራ ቀን» ሲባል በሁላችንም ሐሳብ ውስጥ ያለው ጠዋት ገብቶ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ነው። እኔ 20 ቀን ስወስድ አራት ሳምንት ሙሉ ከሥራ እርቃለሁ። በወንድሜ ወረቀት ላይ ግን አንድ ፈረቃ በቀረ ቁጥር ሦስት ቀን ይቆረጣል፤ 24 ለ8 ሲካፈል 3 ነውና። በዚህ አቆጣጠር 20 ቀኑ ስድስት ፈረቃ ይሆንና ሁለት ቀን ይተርፋል። ስድስት ፈረቃ ደግሞ በእርሱ ተራ 18 ቀን ነው፤ ለእኔ 28 ቀን የሚሆነው ፈቃድ ማለት ነው።

በየሦስት ቀኑ 24 ሰዓት የሚሠራ ሰው በአማካይ በሳምንት 56 ሰዓት ይሠራል። ፈቃዱ ሲሰጠው በእኔ አጭር ቀን ይለካል፤ ሲቆረጥበት ግን በራሱ ረጅም ቀን ነው። አራት ሳምንት ለእርሱ 224 ሰዓት፣ ማለትም ዘጠኝ ፈረቃና ጥቂት ሰዓት መሆን ነበረበት። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች የተረኛ እሳት አደጋ ሠራተኞችን ፈቃድ በሰዓት የሚመዘግቡት፣ በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራው ከሚሰጠው አብልጠው በ56 ሰዓት ልክ የሚያስቡትም ስለዚህ ነው። አንድ ፈረቃ እንደ አንድ ቀን ብቻ ይቆጠር የሚሉ ባልደረቦቹን ሐሳብ ግን አልደግፍም፤ 20 ፈረቃ የሁለት ወር ፈቃድ ይሆናልና፣ ጥያቄያቸውን ለመጣል ምክንያት ለሚፈልግ ሰው በር ይከፍታል።

«ሌሊት ይተኙ የለም ወይ?» የሚል መልስ ሲሰጥ ሰምቻለሁ። ደወል ሲደወል በደቂቃ ውስጥ መኪና ላይ መውጣት ያለበት ሰው እንቅልፍ የቤት እንቅልፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በቤልጂየም የኒቬል ከተማ እሳት አደጋ ተከላካይ ባቀረበው ክርክር፣ ቤቱ ሆኖም ቢሆን በ8 ደቂቃ ውስጥ ጣቢያ ለመድረስ የተገደደ ሰው የሚጠብቅበት ጊዜ የሥራ ጊዜ ነው ብሏል። እዚያው ጣቢያ የሚያድረው ሰው ጉዳይ ከዚህ የጠነከረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አደጋ ተከላካይነትን ሥራ በካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጡት መካከል መመደቡም ሲታሰብ፣ ከጢስና ከጥላሸት ርቆ የሚያሳልፈው እያንዳንዱ ሳምንት የቅንጦት ነገር አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ ያስቀየመኝ የሐዘን ፈቃዱ ነው። አባታችን ያረፈው ሰኞ ሌሊት ወንድሜ ተረኛ ሳለ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ፈረቃውን አስረክቦ በቀጥታ ወደ ቀብር መጣ። ሰልስቱ ሐሙስ ሲሆን ሐሙስ ደግሞ ፈረቃው ነው። ማክሰኞና ረቡዕ በእረፍትህ ስላዘንህ ሁለቱ ቀን ከሐዘን ፈቃድህ ታስቧል፣ የቀረህ አንድ ቀን ፈረቃ አይሸፍንም ተባለ። እኛ ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛ ስንቀበል እርሱ ጣቢያ ዋለ። የ48 ሰዓቱ እረፍት አስቀድሞ በሠራው 24 ሰዓት የተከፈለበት ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ እንደ ፈቃድ ሊቆጠርበት አይገባም ነበር።

የሰው እጥረት እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አሰላሁት። ተረኛ በዓመት ወደ 122 ፈረቃ ይደርሰዋል። ፈቃዱ ከስድስት ከሁለት ሲሶ ወደ ዘጠኝ ከሲሶ ፈረቃ ከፍ ቢል፣ 12 ሠራተኞች ባሉት ጣቢያ የሚጨመረው ክፍተት በዓመት 32 ፈረቃ ነው፤ ይህም የአንድ ሰው ሥራ ሲሶ አይሞላም። ደመራ በሚለኮስበት በመስከረም 16 ምሽትና በበዓላት ዋዜማ ፈቃድ እንዳይሰጥ መወሰን ይቻላል፤ ተረኞቹም ይህን የሚቃወሙ አይመስለኝም።

የአባታችን ሙት ዓመት በወንድሜ ፈረቃ ቀን ላይ ውሏል። ባለቤቱ ከወለደች ጀምሮ ስድስቱን ፈረቃ ስለተጠቀመ ወረቀቱ ላይ የቀረው ሁለት ቀን ነው፤ አንድ ፈረቃ ለመቅረት ደግሞ ሦስት ቀን ያስፈልጋል። በሰዓት ቢመዘገብለት ኖሮ 80 ሰዓት ይቀረው ነበር። ስሌቱን በአንድ ገጽ ማመልከቻ አድርጌ ጽፌለታለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት ፈረቃውን ሲረከብ ለኃላፊው ያስገባዋል።