የዱር በግና የዱር ፍየል ሥጋ፦ እኔ እንዴት እንደምሠራው

አዳኝ አይደለሁም። የማውቃቸው አዳኞች ግን አሉ፤ ያገኙትን ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ። የዱር በግ፣ የዱር ፍየል፣ አጋዘን፣ አልፎ አልፎም የዱር አሳማ። «የአደን ሥጋ ይሸታል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ እንዴት ነው የተገደለው?

ነገሩ ወዲህ ነው። እንስሳው ሳይደነግጥ በአንድ ጥይት ከወደቀ፣ ጡንቻው ውስጥ የተጠራቀመው ግላይኮጅን (ለጉልበት የሚቀመጥ ስኳር) ከሞት በኋላ ወደ ላክቲክ አሲድ ይቀየራል። የሥጋው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ አሲዱ ሲጨምር ቁጥሩ ይወርዳል) ወደ 5.5 ገደማ ይወርዳል። ቀለሙ ይፈካል፣ ቶሎም አይበላሽም። ቆስሎ ሲሮጥ የቆየ ከሆነ ግን ግላይኮጅኑን በሩጫው ጨርሶታል። ፒኤቹ ከ6 በላይ ይቀራል። ሥጋው ይጠቁራል፣ ሲነኩት እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ብዙም አይቆይም። እንዲህ ያለውን ምንም ቅመም አያድነውም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ወቅቱን ይመለከታል። በስሪያ ሰሞን የተገደለ አውራ ከስቷል፣ ጠረኑም ከባድ ነው። ፍየል ላይ ደግሞ ይብሳል። ከስሪያው በፊት ሣር ጠግቦ የከረመ የዱር በግ ግን ሌላ ነው። ብዙ አዳኞች ከአደን ሥጋ አንደኛ የሚሉት እሱን ነው፤ እኔም እስማማለሁ። ያረጀ የተራራ ፍየል ጣዕሙ ባይከፋም የጥርስ ፈተና ነው።

የነገሩኝን ሁሉ አምኜ ግን አልጀምርም። ከስቡ የጥፍር ያህል ቆርጬ በደረቅ መጥበሻ ላይ አቀልጠዋለሁ፣ ከዚያ አሸተዋለሁ። የበግና የፍየል ጠረን በዋናነት የሚመጣው ስቡ ውስጥ ካሉ የተወሰኑ አሲዶች ነው። ስለዚህ መጥበሻው እውነቱን ይናገራል። ሽታው ካስጠላኝ ስቡን አንድም ሳላስቀር ገፍፌ እጥላለሁ፤ የጎደለውን በዘይት ወይም በቅቤ እተካለሁ። ኮምጣጤ ውስጥ መዘፍዘፍ የሚመክሩም አሉ። ኮምጣጤ ግን ላይ ላዩን ነው የሚነካው፤ ወፍራም ሥጋ ውስጥ አይዘልቅም።

ፍሪዘር ውስጥ ለማስገባት መቸኮልም አያስፈልግም። በድኑ ወዲያው ተገፎ፣ አንጀቱ ወጥቶ፣ አየር ሊያገኝ ይገባል፤ ይሄ የአዳኙ ሥራ ነው። ፀጉሩ ሥጋውን እንዳይነካም አደራ እላለሁ። ጡንቻው ከሞት በኋላ ገና ሳይገተር ትኩሱን ፍሪዘር ውስጥ ከተወረወረ ግን ይኮማተርና እንደ ጎማ ይሆናል። እኔ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ለጥቂት ቀናት ሰቅዬ አቆየዋለሁ። ያረጀ እንስሳ ከሆነ ሳምንትም ያልፋል። በዚህ ጊዜ የራሱ የሥጋው ኢንዛይሞች ያለሰልሱታል።

ከሥራው ሁሉ የምወደው በአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለውን ሥጋ ማጽዳት ነው። ላዩ ላይ ብርማ ሽፋን አለ። ቀጭን ቢላዋ ከሥሩ አስገብቼ፣ ስለቱን በትንሹ ወደ ላይ አዘንብዬ፣ ሽፋኑን በግራ እጄ ወጠር አድርጌ ቢላዋውን ወደ ፊት እገፋለሁ። ረጅም ነጭ ጥብጣብ ሆኖ ይወጣል፤ ከሥሩ ጥርት ያለ ቀይ ሥጋ ይቀራል። ይህ ሽፋን ካልተነሳ እሳት ላይ ይሸበሸብና ሥጋውን ያጣምመዋል።

ምግብ ማብሰሉ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። የዱር እንስሳ ጡንቻው ውስጥ ብዙም ስብ ስለሌለው ብዙ እሳት አይችልም። የጀርባውን ሥጋ በጣም በጋለ መጥበሻ ፈጠን አድርጌ እጠብሰዋለሁ። መሃሉ 55 ዲግሪ ሲደርስ አወርደውና ትንሽ አሳርፈዋለሁ። ከ60 ካለፈ መድረቅ ይጀምራል። ነፍሰ ጡር ወይም አቅሙ የደከመ ሰው ማዕድ ላይ ካለ ግን ለእሱ በደንብ አበስላለሁ፤ ድርቀቱ ይቅርታ ይደረግለታል። ወርቹና አንገቱ የተገላቢጦሽ ናቸው። ጅማታቸው እስኪቀልጥ ድረስ በዝግ እሳት፣ ድስቱ ተከድኖ፣ ሰዓታት ይፈልጋሉ። ለማስፈጨት ያሰብኩትን ደግሞ ከሌላ እንስሳ ንጹሕ ስብ ጋር እቀላቅለዋለሁ፤ አለዚያ ሲጠበስ ይፈረፈራል።

የዱር አሳማ ላይ ግን «መሃሉ ቀላ ይበል» የሚል እንግዳ ቢመጣም አልሰማውም። ትሪኪኔላ የሚባለው ጥገኛ ትል ሊኖርበት ስለሚችል ቴርሞሜትሬ 71 ዲግሪ ሳያሳይ ከእሳት አይወርድም። ፍሪዘር ውስጥ ከርሟል ቢባልም ያው ነው፤ ቅዝቃዜን የሚቋቋሙ የትሉ ዓይነቶች አሉ።