ጥጥ እና ሳማ

ዛሬ ማታ የአያቴን ጋቢ አጥፌ ሳስቀምጥ «ጥጥ» የሚለው ቃል ከአፌ አልጠፋ አለኝ። ጮክ ብዬ ደጋገምኩት። ጥጥ። ጥጥ። በር በጣት እንደ ማንኳኳት ነው። ሁለት ፊደል፣ ሁለቱም ያው ጠጣሩ «ጥ»። አያቴ በደጋን ነድፈው ባዘቶ ሲያደርጉት ጉም የሚመስለውን ነገር እንዴት በዚህ ስም ጠሩት? መንደፍ ራሱ ንብም ጊንጥም የሚያደርጉት ነው!

ሳማ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ስሙን ሲሰሙት መሳምን ያስታውሳል። ልጅ ሆኜ ከአጥር ጥግ እጄን ሲፈጀኝ ወደ አያቴ እየሮጥኩ «ሳማ ለበለበኝ» ማለቴ ትዝ ይለኛል። ዛሬ ሳስበው በዚያ ለቅሶ ውስጥ አንድም የሚቆረቁር ድምፅ አልነበረም። ሳ፣ ማ፣ ለ፣ በ፣ ለ፣ በ፤ ሕፃን የሚያስተኙበት እሹሩሩ ይመስላል።

የሥነ ልቦና ሊቁ ቮልፍጋንግ ኮህለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 ስለዚህ ነገር ጽፎ ነበር። አንድ ሹል ሹል፣ አንድ ደግሞ ክብ ክብ ያለ ሥዕል አቅርቦ «ታኬቴ» እና «ባሉማ» የሚሉት ትርጉም የለሽ ስሞች የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን ጠየቀ። ብዙ ሰው ሳያመነታ ታኬቴን ለሹሉ ይሰጣል። በዚህ ሚዛን ጥጥ እሾህ፣ ሳማ ትራስ መሆን ነበረባቸው። ጨረቃም፣ ጤዛም ስማቸው አይመስላቸውም። «ጸጥታ»ማ ራሱ ጸጥታውን ይሰብረዋል፤ እኔ «ዝምታ»ን እመርጣለሁ።

ከአያቴ ሙዳይ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ባዘቶ ቀርታ ነበር። መዳፌ ላይ አድርጌ ወደ ከንፈሬ አስጠጋኋትና «ፈትል» አልኩ። በፈ ትንፋሽ ተነሥታ ምንጣፉ ላይ ወደቀች። አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኳትና «ጥጥ» አልኩ። ዳርዳሯ ብቻ ትንሽ ነቅነቅ አለ። ጥን የምንለው ጉሮሯችንን ዘግተን ነውና ከሳንባ የሚገፋው ትንፋሽ የለም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ከመዳፌ አልተነሣችም።

ወደ ሙዳዩ መለስኳት። ክዳኑን ስገጥም ትንፋሼን ይዤ ነበር።