ከእኔ በፊት የተጠየቀ ጥያቄ

ሐዋሳ የገባሁት በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ልብስ ስፌት ሠርቻለሁ፤ በኦፕሬተርነት ጀምሬ ሱፐርቫይዘር ደርሼ ነበር። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ያለ አንድ ሸሚዝ የሚሰፋ ድርጅት የአራት ላይን፣ ማለትም የአራት የስፌት ማሽን ረድፍ፣ የምርት ኃላፊ አድርጎ ቀጠረኝ። በሥሬ ወደ 160 ሰው ሆነ። አብዛኞቹ ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የመጡ፣ ይሄ የመጀመሪያ ሥራቸው የሆነ ልጆች ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ማሽን ሳይነሳ ሰብስቤ አናገርኳቸው። የምለውን ሌሊቱን ሳሰላስል ነው ያደርኩት። ከየት እንደመጣሁ፣ እኔም እንደነሱ ማሽን ላይ እንደጀመርኩ፣ ችግር ያለበት ሰው ሳይፈራ እንዲያናግረኝ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ጥያቄ ያለው ስል ከሦስተኛው ላይን ኮሌታ የምትገጥም አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"በፊት የጠየቅነውስ?"

"የቱን?" አልኳት።

"ተጽፏል" ብላ ወደ ማሽኗ ዞረች። በዓመቱ ውስጥ ሦስተኛዋ ኃላፊ እኔ መሆኔን የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ነው።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ሐሳቤ ሁሉ ቁጥር ላይ ነበር። የሦስተኛው ላይን ታርጌት በሰዓት 70 ሸሚዝ ነው፤ ቦርዱ ላይ የሚጻፈው ግን 46፣ 48፣ 45። ችግሩ የት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። ኮሌታ ጋ ባንድሉ፣ ማለትም ለመሰፋት የታሰረው ጨርቅ፣ ተከምሯል፣ ከኮሌታ በኋላ ያሉት ደግሞ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ኮሌታ የሚገጥሙት ሁለት ናቸው፤ ገና ብዙ ስላልሠሩ አንዱ ኮሌታ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይወስድባቸዋል፤ ስለዚህ አንዷ በሰዓት 24፣ ሁለቱ ቢበዛ 48። ላይን ደግሞ በጣም ከዘገየው ሥራ በላይ አይፈጥንም፤ እጅጌ የምትገጥመው ብትበርም ያው ነው። ሦስተኛ ሰው ቢጨመር 72 ይመጣል። በሳምንቱ ውስጥ ሰው ላቀያይር፣ እኔም ራሴ ኮሌታ ማሽን ላይ ተቀምጬ እንዴት እንደሚሠራ ላሳያቸው ብዬ ወሰንኩ። እጄን ካዩ ያከብሩኛል ብዬ ነው።

ይህንን ለሽማግሌው መካኒካችን ነገርኳቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የማሽኑን ዘይት እየጨመሩ አዳመጡኝና፣ "ልጄ፣ ሰው ማቀያየሩን ያለፉትም አድርገውታል" አሉኝ። "ማሽኑም ላይ ብትቀመጪ እጇ ጥሩ ነው ይሉሻል፤ በዚያው ያልቃል። ደብተሩን አይተሽዋል?"

ደብተሩ ሱፐርቫይዘሯ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ባለ 50 ሉክ፣ ጫፉ የተጣጠፈ። አሥራ አራት ጥያቄ አለው፤ ሁሉም ቀን ተጽፎበታል። ከአንዱም ጎን መልስ የለም። ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጠጥ ውሃ በሼዱ አንድ ጫፍ ብቻ ስላለ አራተኛው ላይን በእረፍት ሰዓት ደርሶ መመለስ አይችልም። ማታ ኦቨርታይም የሠራ ሰው ፍተሻ ጨርሶ እስኪወጣ ሰርቪሱ ይሄዳል፤ ዳቶ አካባቢ የተከራዩት በጨለማ በእግራቸው ይገባሉ፣ ባጃጅ ከያዙ ደግሞ የሠሩበት ገንዘብ እዚያው ያልቃል። ቬንትሌተር ተበላሽቷል። ከሁሉም ደጋግሞ የተጻፈው ግን የኦቨርታይም ክፍያ ነው፤ አምስት ጊዜ፣ በአምስት የተለያየ የእጅ ጽሑፍ።

ደብተሩን ሳነብ ጠዋት ያልኩት ነገር ሁሉ ለምን ጆሯቸው ላይ እንዳልቆየ ገባኝ። ችግር ካለ አናግሩኝ እያልኩ ነበር። እነሱ ተናግረው ጨርሰዋል። ከእኔ የሚጠብቁት አዲስ ነገር አልነበረም፤ የቆየው ጥያቄ እኔ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ነው የሚያዩት። አዲስ ኃላፊ ሲመጣ ሠራተኛው የሚመዝነው በዚህ ይመስለኛል፤ ቢያንስ እኔ የተመዘንኩት በዚህ ነው።

በእጄ ያለውን በዚያው ሳምንት ጨረስኩ። ውሃው ረቡዕ ዕለት በሌላኛውም ጫፍ ገባ፤ ለጠቅላላ አገልግሎት አንድ ደብዳቤና ሁለት ጊዜ መመላለስ ነው የፈጀው። የሰርቪስ አስተባባሪውን ለምኜ ማታ ማታ አሥራ አምስት ደቂቃ እንዲጠብቅ አደረግሁ። ቬንትሌተሩ ግዢ ስለሚያስፈልገው "ከሁለት ወር በፊት አይመጣም" ብዬ ጻፍኩ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን መልሱንና ቀኑን እየጻፍኩ ደብተሩን ከመሳቢያው አውጥቼ ሁሉም የሚያየው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

ኦቨርታይሙ ላይ ነው የተሳሳትኩት።

በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አዲሱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011 ወጥቷል። በድሮው አዋጅ የቀን ትርፍ ሰዓት ክፍያ የመደበኛው አንድ ከሩብ እጥፍ ነበር፤ በአዲሱ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው አንድ ተኩል ሆኗል። ልጆቹ በወሬ ሰምተዋል። የእኛ ፔይሮል ግን በድሮው እየሰላ ነው። ወር 1000 ብር የምታገኝ ልጅ ብትሆን፣ ለወሩ 208 የሥራ ሰዓት ሲካፈል የሰዓቷ 4 ብር ከ81 ሳንቲም ነው። በወር 20 ሰዓት ኦቨርታይም ብትሠራ ልዩነቱ 24 ብር ይሆናል። ቢሮ ውስጥ ይሄ ቁጥር ትንሽ ነው። ለቤት ኪራይ በሳንቲም ለምትቆጥብ ልጅ ግን ትንሽ አይደለም፤ ደግሞም የሠራችበት ነው።

አዋጁን አትሜ ፋይናንስ ጋ ሄድኩ። ሰውየው አንብቦ፣ "ልክ ነሽ፣ ይስተካከላል" አለኝ። እኔም በዚያች ቃል ብቻ ተነስቼ፣ ሰኞ ጠዋት ላይኑ ፊት ቆሜ "በዚህ ደመወዝ ይስተካከላል" አልኩ። መቼ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፣ ማን እንደሚፈርም አልጠየቅኩትም። ልጆቹ አጨበጨቡ። ደስ አለኝ።

ደመወዝ ወጣ። በድሮው ሒሳብ ነው የወጣው።

ያን ቀን ማንም ምንም አላለኝም። ጩኸት ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ኮሌታ የምትገጥመው ልጅ ደረሰኟን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ሥራዋን ቀጠለች። ፋይናንስ ስሄድ ማስተካከያው ገና ከዋናው መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንደሚጠብቅ ነገሩኝ። እኔም ራሴ የ60 የሥራ ቀን ሙከራዬን አልጨረስኩም፤ አንዷ ባልደረባዬ ተቆርቁራ "ለቋሚነትሽ ብትጠነቀቂ ይሻላል፣ ጥፋቱ የፋይናንስ ነው በያቸው" ብላ መከረችኝ። ለደህንነቴ አስባ ነው፤ ግን እሷ ያለችውን ባደርግ ደብተሩ ላይ የጻፍኩት ሁሉ ዋጋ እንደሚያጣ ታየኝ።

በማግሥቱ ጠዋት እዚያው ቦታ ቆምኩ። "ይስተካከላል ያልኳችሁ እኔ ነኝ። አልተስተካከለም። ሳላረጋግጥ ነው የተናገርኩት፣ ይቅርታ" አልኩ። አማርኛው ለሁሉም እኩል እንደማይገባ አውቄያለሁና ሱፐርቫይዘሯ በሲዳሙ አፎ ደገመችላቸው። ከዚያ፣ መቼ እንደሚከፈል እንደማላውቅ፣ ግን ጥያቄው የት እንደደረሰ ዓርብ ዓርብ ጠዋት እንደምነግራቸው ቃል ገባሁ። አዲስ ነገር ባይኖርም "አዲስ ነገር የለም" ብዬ እነግራለሁ አልኩ። ማንም አላጨበጨበም።

የመጀመሪያው ዓርብ አዲስ ነገር የለም አልኩ። በሁለተኛውም እንደዚያው፤ ያን ቀን ከቢሮ ተነስቼ እስከ ላይኑ ያለው መንገድ በጣም ረዝሞብኛል። በየሳምንቱ ለዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ቅጂውን ደብተሩ ውስጥ አኖራለሁ። በሦስተኛው ዓርብ ፈቃዱ መጣ፣ ውዝፉም አብሮ እንዲከፈል ተጽፎበታል። በተከታዩ ደመወዝ ከፈሉ።

ኮሌታ ላይ ሦስተኛ ሰው የጨመርነው ከዚያ በኋላ ነው። ማን ትሁን ብዬ የጠየቅኩት ሁለቱን ልጆች ነው፤ እኔ ካሰብኳት ሌላ መረጡ፣ የመረጧትም ከእኔ ምርጫ ትሻል ነበር። በሳምንቱ ቦርዱ ላይ 70 ተጻፈ።

አንድ ቀን ታኅሣሥ ውስጥ፣ ከሻይ ሰዓት በፊት፣ ያቺው ልጅ ሁለት ሸሚዝ ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። የሳይዝ ሌብሉ ከኮሌታው ጋር ነው የሚሰፋው። ላርጅ ሸሚዝ ላይ የሚዲየም ሌብል ተሰፍቷል።

"ከጠዋት ጀምሮ ነው" አለችኝ። "ሳጥኑን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ለሌሎቹም ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ኳሊቲ ገና አላየውም፣ እርስዎ ይወቁት ብዬ ነው።"

ቆጠርን፤ ወደ 140 ሸሚዝ ሆነ። ፓኪንግ ገብቶ ቢሆን ወደ ውጭ ይላክ ነበር። ሱፐርቫይዘሯ ቀስ ብላ፣ "ድሮ ቢሆን ባንድሉ ሥር ይደበቅ ነበር" አለችኝ። ጋሼ መፍቻ ምላጭ አምጥተው አደሉን፣ ላይኑ ተከፋፍሎ ሲፈታ እኔም አንድ ባንድል ወስጄ ተቀመጥኩ። እስከ ምሳ ጨረስነው።

ከምሳ ስመለስ ልጅቷ ደብተሩ ላይ ጎንበስ ብላ ትጽፋለች። "የሌብል ሳጥኖቹ በየሳይዙ ቀለማቸው ይለያይ" ይላል። ቀኑን ጻፈችበት፣ ከጎኑ ለመልስ የሚሆን ቦታ ተወችና ወደ ማሽኗ ሄደች።