አባዬን ግራኝ ያደረግኩት እኔ ነኝ

የጥቅምትን የደብረ ብርሃን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ከቤት የሚያስወጣ ጉዳይ የለም። ጋቢዬን ተከናንቤ ምን ልስራ ስል የእማዬና የአባዬ የ1987ቱ ሰርግ ኔጌቲቭ (ፎቶው የሚወጣበት፣ ቀለሙ የተገለበጠ ፊልም) ትዝ አለኝ። ፎቶዎቹንማ ዘመድ "አይቼ እመልሳለሁ" እያለ ወስዶ ጨርሷቸዋል፣ የቀረው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ፊልም ነው፣ ያኔ ፎቶ ቤቱ ስድስት ስድስት አድርጎ የቆራረጠው።

መጀመሪያ መስሪያ ቤት ስካነር ላይ ሞከርኩት፣ ጥቁር ነገር ብቻ ወጣ። ለካ ያ ማሽን ከስር አብርቶ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ነው የሚያነበው፣ ፊልም ደግሞ ብርሃን በውስጡ ማለፍ አለበት። እና የድሃ ስካነር ሰራሁ፣ ታብሌቴን አስተኝቼ ነጭ ስክሪን ከፈትኩ፣ አራት የሻይ ብርጭቆ ደረደርኩበት፣ በላዩ ነጭ የፕላስቲክ ክዳን (ፊልሙን ቀጥታ ስክሪኑ ላይ ካስቀመጥከው የስክሪኑ ነጠብጣብ ሁሉ አብሮ ይነሳል)፣ ከዛ ፊልሙ፣ ከላይ ሞባይሌ በመጽሐፍ ክምር ተደግፎ።

ቀለሙን ስገለብጠው ሰርገኛው በሙሉ ሰማያዊ ሆነ። የከለር ኔጌቲቭ መደቡ ብርቱካንማ ስለሆነ ሲገለበጥ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ እኔ ግን ደብረ ብርሃን አይደል፣ ብርዱ ነው ብዬ ልተወው ምንም አልቀረኝ። ቀይና ቢጫ ጨምሬ ነፍስ ዘራሁባቸው። ቀጥሎ ጽዳት። ኔጌቲቩ ላይ ያለ አቧራ ፎቶው ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ፊልሙ የተፋቀበት ደግሞ ጥቁር። አንድ በአንድ ስለቅም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆነ፣ እጄም በዛው ሞቆ እማዬ ጉንጭ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ ጠረግኳት። ማርያም የሳመቻትን ማለቴ ነው። እንቅልፍ ነው በቃ።

ጠዋት አባዬ እማዬን ሲያጎርሳት የሚያሳየውን ቤተሰብ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። ልቡ፣ እልልታው ዘነበ። ከዛ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ያለችው እቴቴ በድምጽ መጣች፣ "ውይ! በግራ እጁ ነው እንዴ ያጎረሳት?"

ግሩፑ ጸጥ። አየሁት፣ እውነትም በግራ።

እማዬ መነጽሯን ፈልጋ አደረገች፣ ስልኩን አራቀች፣ አቀረበች፣ "ለካ ኑሯችን ግራ የሆነው ከዛን ቀን ጀምሮ ነው" አለች። አባዬ በሥላሴ ማለ።

ኔጌቲቩ ይምጣ ተባለ። አባዬ መስኮቱ ላይ ይዞ አየና "ይኸው በቀኝ!" እማዬ ተቀብላው በሌላ ጎኑ አየችና "ይኸው በግራ!" ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ፊልም በሁለቱም በኩል ያሳያል። ያኔ ነው የገባኝ። ደብዛዛውን ጎን ወደ ሞባይሉ አድርጌ ነው ያነሳሁት፣ የሚያብለጨልጨው ነበር መሆን ያለበት፣ ካልሆነም በኋላ ግራ ቀኙን መገልበጥ ነበረብኝ። ጠርዙ ላይ ያለው ጽሑፍና ቁጥር ቀጥ ብሎ ከተነበበ ልክ ነህ ማለት ነው ብዬ ላስረዳ ብሞክር እማዬ "የፈረንጅ ፊደል ምስክር አይሆነኝም" አለችና ዘጋችው።

ሌላ ማስረጃ ፍለጋ ስባዝን አስታወስኩ፣ ማርያም የሳመቻት ቀኝ ጉንጯ ላይ ነው! ፎቶው ከተገለበጠ ግራ ላይ መታየት አለበት። ግን ምን ዋጋ አለው፣ እሷን ነው ማታ የጠረግኳት። ሮጬ ያልተጸዳውን ከፈትኩ፣ አለች፣ በግራ ጉንጯ። ገለበጥኩት፣ አባዬም በቀኙ አጎረሰ፣ ምልክቷም ቦታዋ ተመለሰች፣ ወዲያው ለጠፍኩት።

እቴቴ አሁንም በድምጽ፣ "አይ የኔ ልጅ፣ አባትህን ለማዳን የማታደርገው የለም። ቅድም ያልነበረች ነጥብ አሁን ከየት መጣች? ኤዲት እንደሆነ እኛም እናውቃለን።"

ምሳ ላይ አባዬ ነገሩን ሊያበርድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ዘረጋ። እማዬ አፏን ከመክፈቷ በፊት የእጁን አንጓ ያዘችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ በአንድ በኩል አየችው፣ ደግሞ በሌላው በኩል።