ብስክሌቱ ቀለብ አልሆነም

ችሎት የቀረብኩት አንድ ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ይዤ ነው። የብስክሌት፣ የጫማ፣ የልደት ኬክ፣ የታብሌት። ዳኛዋ ከላይ ያለውን አነሱና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። "ይሄ የብስክሌት ነው። የየወሩን ቀለብ የከፈሉበትስ የታለ?" አሉኝ።

ምን ልበል? ከፍያለሁ እኮ። ግን በእጅ ነው። አንዳንዴ በር ላይ በፖስታ፣ አንዳንዴ በልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ ኪስ ከትቼ።

የልጄ እናት፣ ፍርድ ቤት በየወሩ እንድከፍል ያዘዘውን የልጅ ቀለብ ስድስት ወር አልከፈለም ብላ የአፈፃፀም መዝገብ፣ ማለትም ትዕዛዙ በግድ እንዲፈጸም የሚጠየቅበትን ፋይል፣ ከፍታብኝ ነበር። ከስድስቱ ሦስቱን ከፍያለሁ። ሦስቱን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልከፈልኩም። ከሥራ ተቀንሼ ነበር። በዚያ ላይ ተናድጄ ነበር። ሁለት ቅዳሜ ተከታትሎ ልጄን ላይ ሄጄ በሩ አልተከፈተልኝም። "ካላሳየሽኝ ቀለብ የለም" ብዬ በቴሌግራም ጻፍኩላት። ያቺን መልዕክት አሳትማ ከማስረጃዋ ጋር አያይዛት አገኘኋት። ሌላ ምስክር አላስፈለጋትም።

ጠበቃዬ ያን ቀን ኮሪደር ላይ ያለኝን አልረሳም። "አላሳይ ካለችህ ለጉብኝቱ ራሱን የቻለ አቤቱታ ታስገባለህ። ቀለቡ የእሷ ሳይሆን የልጅቷ ነው፤ ማንን ልትቀጣ ነው ያቆምከው?" መልስ አልነበረኝም።

የባሰው ስህተቴ ግን ሌላ ነው። ገቢዬ ሲቀንስ ቀለቡም በራሱ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር። አይቀንስም። ትዕዛዙ እስካልተሻሻለ ድረስ በየወሩ ያው መጠን ይቆጠራል፤ ያልተከፈለው ውዝፍ ሆኖ ይከመራል። በብዙ አገር ፍርድ ቤት ቅናሽ ቢፈቅድ እንኳ አቤቱታው ከገባበት ቀን ወደ ኋላ ሄዶ ውዝፉን አይሰርዝም። እኔ የስንብት ደብዳቤዬን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ አራት ወር ተቀመጥኩ። በዚያው ሳምንት የማሻሻያ አቤቱታ ባስገባ ኖሮ አብዛኛው ጣጣ ባልመጣ ነበር።

እንዴት ወጣሁበት? መጀመሪያ የባንክ ስቴትመንት አወጣሁ። ገንዘብ ያወጣሁባቸውን ቀናት ከስልኬ መልዕክቶች ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ሁለት ቦታ ላይ የእሷን "እሺ ደርሶኛል" አገኘሁ። ያ ሁለት ወር አዳነልኝ። ሦስተኛው ወር ግን ማስረጃ ስላልነበረው ድጋሚ ከፈልኩት። አንጀቴ እያረረ።

ከዚያ የማሻሻያውን አቤቱታ ከስንብት ደብዳቤው ጋር አስገባን። ጎን ለጎን የምሠራትን ትንሽ ሥራም ጻፍኳት። ልደብቃት አስቤ እንደነበር አልክድም። ጠበቃዬ ነው የከለከለኝ፤ አንድ የተደበቀ ገቢ ከተገኘ እውነተኛው ማስረጃህም አይታመንም አለኝ። ዳኛዋም ልጅቷ በወር የሚያስፈልጋትን፣ የእኔን አቅምና የእናቷን አቅም ጎን ለጎን አስቀምጠው አዩ። የጠየቅኩትን ያህል ባይሆንም ቀነሱልኝ። ውዝፉንም በየወሩ ከፋፍዬ እንድከፍል አዘዙ።

በነዚያ ቀናት ሌሊት ሌሊት የማላነበው አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. የ1989ኙ፣ አንቀጽ 27 ወላጆች ልጃቸውን የማኖር ኃላፊነት ያለባቸው በአቅማቸው ልክ መሆኑን ይናገራል። ደስ አለኝ። ትንሽ ወረድ ስል ደግሞ መንግሥታት ቀለቡን ከወላጅ ለማስከፈል፣ ወላጁ ውጭ አገር ቢሆን እንኳ፣ ተገቢውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስዱ ያዛል። ደስታዬ እዚያው አለቀ።

አሁን በእጅ አንዲት ሳንቲም አልሰጥም። በባንክ አስገባለሁ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ "የልጅ ቀለብ" ብዬ ከነወሩ እጽፋለሁ። ስጦታ ስገዛ ስጦታ ነው፤ ከቀለቡ አልቀንሰውም። ከልጄ እናት ጋር በገንዘብ ጉዳይ የምንነጋገረው በጽሑፍ ብቻ ነው፤ ከተናደድኩ ደግሞ መልዕክቱን ሳልልክ አድራለሁ።

የውዝፉን የመጨረሻ ክፍያ ያስገባሁ ቀን አንድ ቃል ላከችልኝ፤ "ደርሷል"። ስክሪንሾት አንስቼ አስቀመጥኳት።