በረራው ዘገየ፤ 600 ዩሮው የማን ነው?

ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ የሚሄድ በረራ በአየር መንገዱ ጥፋት አምስት ሰዓት ቢዘገይ እያንዳንዱ መንገደኛ 600 ዩሮ ካሳ ይገባዋል። ያው አውሮፕላን በማግስቱ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አምስት ሰዓት ቢዘገይ ግን፣ የሚያበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ፣ በዚሁ ሕግ አምስት ሳንቲም አይገኝም። ወንበሩም መንገዱም ያው ነው፤ የተለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው። ብዙ ሰው ካሳውን የሚያጣው ወይ ይህን ባለማወቅ ነው፣ ወይም «ሆቴል አሳድረው፣ ራት አብልተው ደግሞ ገንዘብ?» በሚል ይሉኝታ። ሆቴሉና ራቱ ካሳ አይደሉም። መንገደኛ ሲጉላላ አየር መንገዱ የማቅረብ ግዴታ ያለበት እንክብካቤ ናቸው፤ ካሳው ለብቻው ይቆማል።

ሕጉ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2005 ጀምሮ ይሠራል። ከኅብረቱ አገር የሚነሳ በረራ የየትኛውም አገር አየር መንገድ ቢሆን ይሸፈናል። ከውጭ ወደ ኅብረቱ የሚገባው ግን የሚሸፈነው የሚያበረው አየር መንገድ የኅብረቱ ከሆነ ብቻ ነው። «ትኬቱን ደርሶ መልስ አድርጌ የገዛሁት እኮ ጀርመን ነው» የሚለው ክርክር አያዋጣም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 መሄጃና መመለሻ አንድ በረራ ተደርገው አይቆጠሩም ብሎ ዘግቶታል። የሚያዋጣው ትኬቱ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን «የሚያበረው» የሚለውን መስመር ማየት ነው። የበረራ ቁጥሩ የኢትዮጵያ ሆኖ አውሮፕላኑ የሉፍታንዛ ከሆነ፣ ከአዲስ አበባ ቢነሳም ይሸፈናል።

የገንዘቡ መጠን ከትኬት ዋጋ ጋር አይያያዝም። እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር 250 ዩሮ፣ እስከ 3,500 ኪሎ ሜትር 400፣ ከዚያ በላይ 600 ነው። ከሮም፣ ከፍራንክፈርት ወይም ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ሁሉም ከ3,500 በላይ ስለሆኑ ሒሳቡ 600 ነው። መዘግየቱ የሚለካው መድረሻ ላይ ነው፤ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ተነስቶ ሰማይ ላይ ካካካሰ ምንም የለም። ቢያንስ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ መድረስ አለበት። በረጅሙ በረራ ላይ ደግሞ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት የዘገየ እንደሆነ አየር መንገዱ ካሳውን በግማሽ ቀንሶ 300 መክፈል ይችላል።

ስለዚህ ደቂቃ ዋጋ አላት። ደረሰ የሚባለው መቼ ነው? ጎማው መሬት ሲነካ አይደለም፤ አውሮፕላኑ ሲቆምም አይደለም። ቢያንስ አንድ በር ተከፍቶ መንገደኛው መውረድ ሲፈቀድለት ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2014 በፍርድ ተወስኗል። መድረስ የነበረበት 06፡30 ነው እንበል። ጎማው 09፡21 መሬት ነካ፤ ተንከባልሎ፣ ቆሞ፣ ደረጃው ቀርቦ በሩ 09፡34 ተከፈተ። አየር መንገዱ 09፡21ን ይዞ «ሦስት ሰዓት አልሞላም» ይላል፤ በሩን የያዘ መንገደኛ 300 ዩሮ ያገኛል። ሁሉም ሻንጣ ለማውረድ በቆመበት ሰዓት፣ በሩ ሲከፈት የስልካችሁን ሰዓት ስክሪን ሾት አድርጉ።

ትራንዚት ያለበት ጉዞ በአንድ ቡኪንግ ከተያዘ እንደ አንድ ጉዞ ይታያል። ከስቶክሆልም በአዲስ አበባ በኩል ጆሃንስበርግ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያው በረራ 50 ደቂቃ ብቻ ዘግይቶ ቀጣዩ ቢያመልጠው፣ ጆሃንስበርግ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ከደረሰ 600ው ይገባዋል። ከፍራንክፈርት በዱባይ በኩል አዲስ አበባ የሚገባም በአንድ ቡኪንግ እስከሆነ ድረስ እንደዚሁ። ሁለት ትኬት ለየብቻ የገዛ ግን አያገኝም፤ ርካሽ ብሎ የገጣጠመው ትኬት እዚህ ላይ ይከዳዋል።

አሁን ወደ ሰበቦቹ። አየር መንገዱ ነጻ የሚወጣው ከአቅሙ በላይ የሆነ ልዩ ሁኔታ መኖሩን፣ እሱም የሚቻለውን ሁሉ ማድረጉን ራሱ ሲያስረዳ ነው። ክፉ አየር፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አድማ፣ ወፍ ሞተር ውስጥ መግባት ያስመልጡታል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ግን «የቴክኒክ ችግር» ነው። ይህ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በመሠረቱ አያስመልጥም፤ አውሮፕላን መጠገን የአየር መንገድ የዕለት ሥራው ነው። የራሱ ሠራተኞች የደመወዝ አድማም አያስመልጥም፤ የፓይለት ድንገት መታመምም እንዲሁ። «በኦፕሬሽን ምክንያት» የምትለዋ ደግሞ ምንም አትልም፤ ምክንያቱን በዝርዝር እንዲጽፉ መልሳችሁ ጠይቁ። «ክፉ አየር» ካሉ በዚያው ሰዓት ከዚያው ኤርፖርት የተነሱ ሌሎች በረራዎችን እዩ፤ ሁሉም በሰዓቱ ከሄዱ መልሱ ይሳሳል። የበረራ መከታተያ ድረ ገጾች በነጻ የሚያሳዩት የጥቂት ቀናት ታሪክ ስለሆነ ይህን በዚያው ሳምንት ስክሪን ሾት አድርጋችሁ ያዙ።

ኤርፖርት ላይ ሳላችሁ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ፎቶ አንሱ፤ የመዘግየቱን ምክንያት ዴስኩ ላይ ጠይቁና የነገሩዋችሁን ከነሰዓቱ ጻፉ። ምግብና ውሃ ካልሰጡ በመጠኑ ገዝታችሁ ደረሰኙን ያዙ፤ በክፉ አየር ምክንያት ቢሆን እንኳ ይህን ወጪ ይመልሳሉ። ቦርዲንግ ፓስ ጠፋ ተብሎ ተስፋ አይቆረጥም፤ የተረጋገጠ ቡኪንግ ይበቃል። ትልቁ ወጥመድ ቫውቸር፣ ማለትም በገንዘብ ፋንታ ለሌላ ትኬት መግዣ የሚሰጥ ኩፖን ነው። ካሳ በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ነው የሚከፈለው፤ በቫውቸር የሚሆነው መንገደኛው ፈርሞ ከተስማማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሌሊት በስምንት ሰዓት ደክሟችሁ የሚዘረጋላችሁን ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ንዴትና የዘመድ ሠርግ ማምለጥ አይገባበትም፤ ካሳው በስሜት ስለማይጨምር የሚያነበውን ሰው ከማሰልቸት በቀር ጥቅም የለውም። ይዘቱ ይህን ይመስላል፦ «የበረራ ቁጥር ይህ፣ የቡኪንግ ኮድ ይህ። ከፍራንክፈርት 22፡05 ተነስቶ አዲስ አበባ 06፡30 መድረስ ሲገባው በሩ የተከፈተው 11፡40 ነው። በደንብ 261/2004 አንቀጽ 7 መሠረት ለእያንዳንዱ መንገደኛ 600 ዩሮ በ14 ቀን ውስጥ ወደሚከተለው ሒሳብ አስገቡ።» ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የኤርፖርቱ የአካባቢ ሰዓት ይሁን፤ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል» በጭንቅላት ይዞ 12፡30 ብሎ መሙላት የተለመደ ስህተት ነው። ቀኑ ደግሞ የደረሳችሁበት ሳይሆን አውሮፕላኑ እንዲነሳ የታቀደበት ነው። ስም ትኬቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ የቤተሰብ ስም በሚለው ሳጥን ትኬቱ የአባት ስም ይዞ እናንተ የአያት ብትጽፉ ሲስተሙ «እንዲህ ያለ መንገደኛ የለም» ብሎ ይመልሳችኋል።

በተከፈለበት ወንበር የተቀመጠ ልጅ እንደ አዋቂ ይቆጠራል፤ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች 2,400 ዩሮ ማለት ነው። ሊጠይቁ መጥተው ወደ አገር ቤት ሲመለሱ በረራቸው የዘገየባቸው እናትስ? ትኬቱን የገዛው ልጅ ቢሆንም ካሳው የእናት ነው። ልጅ በራሱ ስም ቢጠይቅ ይመለስበታል። እማማ የሚፈርሙበት የውክልና ደብዳቤና የፓስፖርታቸው ኮፒ ከጥያቄው ጋር ይያያዝ፤ ገንዘቡም በልጅ ሒሳብ እንዲገባ ደብዳቤው ላይ በግልጽ ይጻፍ።

እምቢ ካሉ ወይም ዝም ካሉ? ጀርመን ውስጥ ሁለት ወር ጠብቆ ሽሊሽቱንግስሽቴሌ ራይዘ ኡንድ ፌርኬር ለሚባለው የሽምግልና ተቋም ማመልከት ይቻላል፤ መንገደኛን አያስከፍልም። አየር መንገዱ የዚያ አባል ካልሆነ የፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ያየዋል። «እኛ እናስከፍልላችሁ» የሚሉ ድርጅቶች ያለ ችግር ይሠራሉ፤ ግን ሲሶውን ያህል ይወስዳሉ፣ ፍርድ ቤት ከገባ ደግሞ እስከ ግማሽ። መጀመሪያ በራሳችሁ ጠይቁ፣ እምቢታው በጽሑፍ ሲመጣ ስለነሱ አስቡ።

ብሪታንያ ያው ሕግ በፓውንድ አላት፤ ለረጅሙ በረራ 520 ነው። ካናዳ በደንቧ ትልልቅ አየር መንገዶችን ከሦስት ሰዓት ጀምሮ 400፣ ከስድስት 700፣ ከዘጠኝ 1,000 የካናዳ ዶላር ታስከፍላለች። ከቶሮንቶም ሆነ ወደ ቶሮንቶ ይሠራል፤ መጠየቂያው ግን አንድ ዓመት ብቻ ነው። እስራኤል እስከ ስምንት ሰዓት ላለ መዘግየት የገንዘብ ካሳ አታስከፍልም። አሜሪካ ለመዘግየት የተቆረጠ ካሳ የሚያስከፍል ሕግ የላትም፤ ከዋሽንግተን ተነስቶ ለዘገየ በረራ የሚቀረው የአገሮች የአየር ጉዞ ውል በሆነው በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት የደረሰን ኪሳራ በደረሰኝ ማስረዳት ነው፣ እሱም በሁለት ዓመት ውስጥ።

የጀርመኑ ጊዜ ሰፊ ነው፦ ሦስት ዓመት፣ የሚቆጠረውም በረራው ከነበረበት ዓመት መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ከፍራንክፈርት ተነስቶ የዘገየ በረራ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2027 ይጠየቃል። ኢሜይላችሁ ውስጥ የድሮ ትኬት ፈልጉ።